አውሬው የታየባት ደሴት
(በማኅበራችን የንባብ ቡድን ስም በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በዚህ ዙር ያነበብነው እንግሊዛዊው ዊሊያም ጎልዲንግ እ.ኤ.አ. በ1954 ያሳተመውን «የዝንቦች ጌታ» የተሰኘ ልብ ወለድ ነው። ስለ ልጆች ነው ሲባል ለልጆቻችንም የምናነብላቸው መስሎን ነበር። አልሆነም።

ጎልዲንግ መምህር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ ባሕር ኃይል አገልግሎ ወደ ማስተማሩ ተመለሰ። ሰው በሰው ላይ የሚያደርገውን አይቶ ከመጣ በኋላ ፊቱ የተቀመጡትን ተማሪዎች በምን ዓይን ይመለከታቸው እንደነበር ከመጽሐፉ መገመት አያቅትም።

በታሪኩ ውስጥ ጦርነት የሸሹ ወንድ ልጆች አውሮፕላናቸው ወድቆ ሰው የሌለበት ደሴት ላይ ይቀራሉ። አንድም አዋቂ፣ አንዲትም ሴት ልጅ የለችም። መጀመሪያ ያደረጉት እኛ ማኅበራችንን ስንመሠርት ካደረግነው ብዙ አይርቅም። ተሰበሰቡ፤ ራልፍ የሚባለውን በድምፅ ብልጫ መሪ አደረጉ፤ ትልቁን የባሕር ዛጎል የያዘ ብቻ ይናገር ብለው ደንብ አወጡ፤ መርከብ ጭሱን እንድታይ እሳት አነደዱ።

ብዙ የተከራከርንበት ግን አንድ ትንሽ ልጅ ነው። ፊቱ ላይ ምልክት ያለበት ይህ ልጅ በጫካው ውስጥ አውሬ አየሁ አለ። ራልፍ አውሬ የለም አለው። ጃክ ደግሞ ካለም አድነን እንገድለዋለን አለ። ሌሊት ከማን አጠገብ ትተኛለህ ያለው ግን የለም። በዚያው ቀን እሳቱ ከእጃቸው ወጥቶ ጫካውን በላው፤ ልጁም ከዚያ በኋላ አልታየም። ስማቸውን የመዘገበ ስላልነበረ ስንት እንደጎደሉ እንኳ በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። (ጸሐፊያችን በየስብሰባው ስም ስትጠራ የምናጉረመርም ሁሉ እዚህ ላይ ዝም አልን።)

ፍርሃቱ መልስ ሲያጣ ባለቤት አገኘ። ጃክ ሥጋ አበላችኋለሁ፣ ከአውሬው አስጥላችኋለሁ እያለ ብዙዎቹን ወደ ራሱ ወሰደ። ሳይመን የሚባለው ልጅ ተራራ ወጥቶ ሲያይ አውሬ የተባለው በጃንጥላ የወረደ የሞተ ሰው ሬሳ ነው። ሊነግራቸው በጨለማ ወረደ፤ እነሱ ግን በጭፈራ መካከል እሱን ራሱን አውሬ አድርገው ገደሉት። ራልፍም እዚያው ነበር። ከመካከላችን አንዷ መጽሐፉን እዚህ ላይ ዘግታ ሁለት ቀን አልከፈተችውም። በኋላም እሳት የሚያነዱበት መነጽር ባለቤት የሆነው ፒጊ በተንከባለለ ቋጥኝ ሞተ፤ ዛጎሉም አብሮ ደቀቀ።

ሰው ሲፈጠር እንዲህ ነው የሚለውን የደራሲውን ሐሳብ ግን ሁላችንም አልተቀበልንም። እ.ኤ.አ. በ1965 ስድስት የቶንጋ ተማሪዎች ማዕበል ገፍቷቸው አታ በምትባል ባዶ ደሴት ላይ ወድቀው ከአንድ ዓመት በላይ ኖረዋል። ሥራ ተከፋፈሉ። ሲጣሉ ተለያይተው ቁጣቸውን አብርደው ይመለሱ ነበር። አንዱ እግሩ ሲሰበር አስረው አስታመሙት። በ1966 መርከብ ሲደርስላቸው ስድስቱም በሕይወት ነበሩ፤ እሳታቸውም አልጠፋም ነበር።