ስለ እስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት መነሣትና መጥፋት በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፥ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

ክቡራን አባቶች ካህናት፥ የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ አባቶቻችን ካቆዩልን ሀብት አንዱ በዕቃ ቤታችን ያለው የብራና መጽሐፍ ነውና፥ በዚህ በዓል ስለ መጻሕፍት ጥቂት ልናገር ወድጃለሁ።

ታላቁ እስክንድር እስክንድርያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 ዓመት ቈረቈረ። ከእርሱ በኋላ ግብጽን የገዙት በጥሊሞሶች በዚያች ከተማ የሊቃውንት ማኅበርና ቤተ መጻሕፍት አቆሙ። በመርከብ የመጣ መጽሐፍ ሁሉ እየተወሰደ ይገለበጥ ነበር፤ ዋናው በቤተ መጻሕፍቱ ቀርቶ ግልባጩ ለባለቤቱ ይመለስ እንደ ነበረ ሐኪሙ ጋሌን ጽፏል። ካሊማኮስ የተባለ ሊቅም የመጻሕፍቱን ዝርዝር በ120 ጥቅል አዘጋጀ ይባላል።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን እሳት ጠፋ የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከልደት በፊት በ145 ዓመት ስምንተኛው በጥሊሞስ ሊቃውንቱን አሳደደ። በ48 ዓመት ዩልዮስ ቄሣር በወደቡ ያስነሣው እሳት ብዙ መጻሕፍት አቃጠለ። ከልደት በኋላም፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ272 ዓ.ም. ገደማ፥ በአውሬልያኖስ ጦርነት የቤተ መንግሥቱ ሰፈር ፈረሰ። መጻሕፍቱም የደንገል ጥቅል ነበሩና፥ በየጊዜው ካልተገለበጡ ያረጃሉ፥ ይበጣጠሳሉ። ሊቃውንቱ ተሰደው ገልባጭ ሲታጣ፥ እሳት ያልነካው መጽሐፍ ደግሞ በዝምታ አለቀ። የካሊማኮስ ዝርዝር እንኳ ከቍርጥራጭ በቀር አልተረፈም።

ነገር ግን ኦሪት ከዕብራይስጥ ወደ ጽርዕ የተመለሰው በዚያችው ከተማ ነው። ይህ የሰብዓ ሊቃናት ትርጓሜ የምንለው መጽሐፍ አልጠፋም፤ ቤተ ክርስቲያን በየአገሩ እየገለበጠች አቆየችው፥ የግእዝ ብሉይ ኪዳናችንም ከእርሱ ተተረጐመ። መጽሐፈ ሄኖክም በሌላ ቋንቋ ከፊሉ ብቻ ሲገኝ፥ ሙሉው የተገኘው በግእዝ ነው። ይህን ያቆየ የነገሥታት አዳራሽ አይደለም፤ ጣቱ በቀለም የጠቈረ ቁም ጸሐፊ ነው እንጂ።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ የደብራችን መጻሕፍት ተቈጥረው ይመዝገቡ፤ ያረጀው ይደጐስ፥ የደበዘዘው ይገልበጥ፤ ልጆቻችንም ግእዝ ይማሩ። ቍልፍ መጽሐፍን ከሌባ ይጠብቃል እንጂ ከመረሳት አይጠብቅም። የሚቀጥለውን ኢዮቤልዩ የሚያከብሩት ልጆቻችን፥ እኛ የተቀበልነውን ሳይጐድል እንዲያገኙት እግዚአብሔር ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።