የጎመናችን ጠላትና ወዳጅ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የእርሻ ክበብ ተማሪዎች ያደረጉት ንግግር)



የምንናገረው በአጥራችን ሥር ስላለው የጎመን መደብ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፣ በየቤታችን ድስት የሚገባ ስለ ሆነ ትንሽ አይደለም።

ባለፈው በጋ መደባችንን ክሽክሽ ወረረው። ክሽክሽ ከቅጠል ሥር ተጣብቆ ጭማቂውን የሚመጥ፣ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ደቃቅ ተባይ ነው። ሴቲቱ ያለ ወንድ ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች፤ የተወለዱትም በሞቃት ወራት በ10 ቀን ገደማ ለመውለድ ይደርሳሉ። ስለዚህ ዛሬ ጥቂት የነበረው ሳይቆይ ቅጠሉን ሁሉ ያለብሰዋል።

እኛም ደንግጠን፣ ማንንም ሳንጠይቅ፣ ከገበያ መድኃኒት ገዝተን ረጨን። የተሸጠልን በውሃ ጠርሙስ ተቀድቶ ነው፤ ስሙም መጠኑም አልተጻፈበትም። በማግሥቱ ተባዩ ረግፎ ስናይ እጅግ ተደሰትን። በሦስተኛው ቀን ከመካከላችን አንዱ ጎመን ቀጥፎ ለእናቱ ወሰደ። እናቱም ድስቱን ከጣዱ በኋላ የርጭቱን ወሬ ከልጃቸው አፍ ሰምተው ወጡን እንዳለ ደፉት። ቤተ ሰቡም የዚያን ዕለት ማታ ደረቅ እንጀራ በልቶ አደረ። ይህን በሰማን ጊዜ ሁላችን አፈርን። ከርጭት በኋላ ስንት ቀን መቆየት እንደሚገባ አላወቅንም፤ ስሙ ካልታወቀ መድኃኒትም ይህን ማወቅ አይቻልም።

ሁለተኛው ኀፍረት ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ፤ ክሽክሹ ከፊተኛው በዝቶ ተመለሰ። መምህራችን አጉሊ መነጽር ይዘው፣ ሳይረጩ ወደ ቀሩት 4 እግር ጎመኖች ወሰዱን። በዚያ ጀርባዋ ቀይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ጥንዚዛ ከነልጆቿ ክሽክሹን እየለቀመች ትበላ ነበር። አንዲቱ ልጅ ጥንዚዛ እስክትሆን ድረስ ብዙ መቶ ክሽክሽ ትጨርሳለች። አንዳንዱም ክሽክሽ አብጦና ነሐስ መስሎ ደርቆ አገኘነው፤ ከጉንዳን የምታንስ ተርብ እንቁላሏን በውስጡ ጥላ፣ ልጇ ከውስጥ በልቶት ነው። በረጨነው መደብ ግን እነዚህ ጠባቂዎች አልነበሩም፤ ከጠላት ጋር ገድለናቸው ነበር። ጠላት ፈጥኖ ይራባል፣ ጠባቂ ግን ይዘገያል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ማለት በእኛ ደረሰ።

ይህ ጥበብ አዲስ አይደለም። በኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1888 ዓ.ም. ጀምሮ ከአውስትራሊያ ወደ ካሊፎርኒያ የተወሰደች ጥንዚዛ የብርቱካኑን እርሻ ከተባይ አድናዋለች። በጎረቤታችን በኬንያም በ2002 ዓ.ም. የጎመን ትል የምታጠፋ ተርብ ከታይዋን መጥታ ተለቃለች።

እንግዲህ አሁን የምናደርገው ይህ ነው። አንደኛ፣ በየ3 ቀኑ ቅጠሉን ገልብጠን እናያለን፤ ጥቂት ተባይ ሲገኝ በጣት እንጨፈልቃለን፣ እጅግ የተወረረውንም ቅጠል ቆርጠን እናወጣለን። ሁለተኛ፣ ሲበዛ በ1 ሊትር ውሃ 2 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠን፣ አስቀድመን በአንድ ቅጠል ሞክረን፣ ፀሐይ ሲበርድ ከቅጠሉ ሥር እንረጫለን። ሳሙና የሚገድለው ያራሰውን ብቻ ስለ ሆነ፣ ጥንዚዛ ያለበትን ቅጠል እናልፋለን። ሦስተኛ፣ በመደቡ ዳር ድንብላልና እንስላል ዘርተን እንዲያብቡ እንተዋለን፤ ተርቢቱ ከአበባው ትመገባለችና።

ጎመናችን ዛሬም እዚህም እዚያም ቀዳዳ አለበት፤ ይህን አንደብቅም። ነገር ግን ያ ጓደኛችን ባለፈው ወር ዳግመኛ ጎመን ይዞ ቢሄድ፣ እናቱ ከመክተፋቸው በፊት «ምን ተረጨበት?» ብለው ጠየቁት። «ሳሙና ብቻ» አላቸው። ሦስት ጊዜ አጥበው ሠሩት፤ ቤተ ሰቡም በላ።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ስሙ ያልተጻፈበትን ጠርሙስ ከመግዛታችሁ በፊት ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ፤ ጠባቂ ይኖርበት ይሆናል። ከበዓሉም በኋላ መደባችንን እንድትጎበኙልን በአክብሮት እንለምናለን።