ዋልያው የሚኖረው ማልያ ላይ አይደለም



በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ብሔራዊ ቡድናችን ሲጫወት «ዋልያዎቹ!» ብሎ ያልጮኸ አለ? የለም። እሺ፣ ዋልያን በዓይኑ ያየስ? እጃችሁን አውጡ ብል ስንት እጅ እንደሚወጣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ስሙን እንወዳለን፣ ምስሉን ፕሮፋይላችን ላይ እንለጥፋለን፤ ቤቱን ግን አናውቀውም። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቤቱ ነው፤ ስለ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ፣ ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር ውጡ። ደጋውን ይዛችሁ ስትሄዱ ድንገት መሬቱ ያልቃል። እግራችሁ ሥር ገደል ነው፤ እስከ 1,500 ሜትር ይወርዳል። ከታች ሸለቆ በሸለቆ ላይ፣ አምባው፣ ሹል ድንጋዩ ተደርድሯል። የጅንባር ወንዝ ከጫፉ ደርሶ ቁልቁል ይወረወራል። ሰው እዚያ ሲደርስ ዝም ይላል።

ይህ ገደል እንዴት መጣ? ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ ፈነዳ። የቀለጠው ድንጋይ እንጀራ በእንጀራ ላይ እንደሚደረብ ንብርብር እየሠራ ከፍ አለ። ከዚያ ዝናቡና ወንዙ ሥራ ጀመሩ፤ በብርዱ ዘመን ደግሞ ከፍተኞቹን ጫፎች ግግር በረዶ ፈጋቸው። ዛሬ የምናየው ከዚያ ሁሉ መሸርሸር የተረፈውን ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ የሚቆመው ራስ ዳሸን የዚሁ ተራራ ልጅ ነው። የገደሉም ውሃ ወርዶ ተከዜ ይገባል።

ዋልያ የሚኖረው እዚህ ገደል ላይ ነው። በተፈጥሮ የሚገኝበት ሌላ አገር በዓለም ላይ የለም። የወንዱ ቀንድ ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ሰው ለማየት የሚፈራበት ጠርዝ ላይ ግን እንደ ሜዳ ይሄዳል። ጭላዳውም አለ፤ ቀን ሜዳው ላይ ሣር ሲነጭ ይውላል፣ ማታ ገደል ውስጥ ገብቶ ያድራል። ቀይ ቀበሮም አለ፣ ጅብራም አለ።

ሰውስ? ሰው እኮ እዚህ ጥንትም ነበር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ ከድንጋይ የገለበጠው አንድ ጽሑፍ አለ። ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ ድሉን ሲዘረዝር የሰሜንን ተራራ ያነሣል፤ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚያሰጥም አገር ነው ይላል። ኋላም ቤተ እስራኤላውያን እነዚህን አምባዎች ምሽግ አድርገው እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ነገሥታቱን ተቋቁመዋል። በ1855 እ.ኤ.አ. ደግሞ ደጃች ውቤ እነግሥባታለሁ ብለው ባሠሯት በደረስጌ ማርያም፣ ውቤን ድል የመቱት ካሣ ዘውድ ደፍተው ቴዎድሮስ ተባሉ። ይህ ሁሉ የሆነው በዚሁ ተራራ ነው።

ፓርኩ የተመሠረተው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከላሊበላ ጋር ሰሜን ተራሮች ነበረበት። በ1996 ግን አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የወጣው በነጻ አይደለም። ፓርኩ መካከል ግጭ የምትባል መንደር ነበረች። አብዛኛው ሙስሊም የሆነ ሕዝቧ በዚያ ብርድ ገብስ እየዘራ፣ በግ እያረባ ኖሯል። በ2016 ከ400 በላይ አባወራዎች ያን አገር ለቀው ደባርቅ ገቡ። ከዚያም በፊት፣ በደርግ ዘመን፣ ከገደሉ ሥር የነበሩ መንደሮች በግድ ተነሥተዋል። ገብስ ከመዝራት በቀር ሌላ ሥራ የማያውቅ ሽማግሌ ከተማ ገብቶ ምን ይሠራል? እኛ የምንኮራበት ፎቶ ዋጋው የተከፈለው በእነሱ ነው።

ስለዚህ ኩራት ካለን ዕዳም አለብን ማለት ነው። ዕዳውን እንዴት እንክፈል?

አንደኛ፣ ሰላም ሲሆንና መንገዱ ሲከፈት ሂዱ። ስትሄዱ የአካባቢውን አስጎብኚ፣ የአካባቢውን በቅሎ፣ የአካባቢውን ስካውት ያዙ። ገንዘባችሁ ደባርቅ ይቅር። ዋልያው ቆሞ ሲያበላው ያየ ገበሬ ዋልያውን ራሱ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛ፣ እሳት። በ2019 ጓሳው ሲቃጠል ከእስራኤልና ከኬንያ እርዳታ እስኪደርስ እሳቱን የተጋፈጠው የአካባቢው ገበሬና ወጣት ነው። አንድ ያልጠፋ ፍም የሚያደርሰውን ጉዳት ያን ጊዜ አይተናል።

ሦስተኛውን ወንዶች በደንብ ስሙኝ። አባቶቻችን አውሬ ገድለው ይፎክሩ ነበር፤ የዘመኑ ወግ ነበር። ዛሬ ግን መሣሪያ በዝቷል፣ የዋልያው ቁጥር ደግሞ ባለፉት ዓመታት ክፉኛ ወርዷል። ጦርነት በመጣ ቁጥር ጠባቂው ይሸሻል፣ ዋልያው ያልቃል፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አይተነዋል። ዛሬ ዋልያ ላይ የሚተኩስ ሰው ምን ብሎ ይፎክራል? በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌለውን ገደልኩ ብሎ? ወንድምህ እንዲህ ቢያደርግ አታጨብጭብለት። ፎቶውንም አታጋራለት። ንገረው፣ ገሥጸው።

ያ ገደል 30 ሚሊዮን ዓመት የፈጀ ሥራ ነው። ዋልያውን ለማጥፋት ግን የአንድ ትውልድ ቸልታ ይበቃል። ያ ትውልድ እኛ እንዳንሆን።