ስለ አስም መድኃኒቶች ለአርሶ አደሮች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አስም ነው። አስም ባለበት ሰው ሳንባ ውስጥ የአየር ቧንቧዎች ያብጣሉ፤ ይጠባሉ። ትንፋሹ ሲር ሲር ይላል። ሌሊትና ንጋት ላይ ይብስበታል። የማገዶ ጭስ፣ የእብቅ ብናኝና ብርድ ይቀሰቅሱበታል።

ዋና ዋናዎቹ መድኃኒቶች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ሥራቸውም ለየቅል ነው። አንደኛው ሳልቡታሞል ይባላል። የጠበበውን ቧንቧ በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍታል። ነገር ግን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ኃይሉ ያልቃል፤ እብጠቱንም አይነካም። ሁለተኛው ቤክሎሜታዞን ነው። እርሱ እብጠቱን ቀስ እያለ ያጎድላል። ዛሬ ቢወስዱት ዛሬ አይታወቅም፤ ቀናት፣ እንዲያውም ሳምንታት ይፈልጋል።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሰው ወዲያው የሚያሽለውን ይወዳል። ቤክሎሜታዞኑን «ደኅና ነኝ፣ ለምን እወስዳለሁ?» ብሎ ይጥለዋል። ደኅና የሆነው እኮ ስለሚወስደው ነው! ሲተወው እብጠቱ ይመለሳል። ሳልቡታሞልን ብቻ እየደጋገመ የሚወስድ ሰው አንድ ሌሊት በድንገት ታፍኖ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ዓለም አቀፉ የአስም ሕክምና መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለአዋቂዎች ሳልቡታሞል ብቻውን አይሰጥ ይላል።

ሁለቱም በአፍ የሚሳቡ ናቸው፤ «ፓፍ» የምንላቸው። አንዳንዱ ሰው መርፌ ወይም ኪኒን ካላገኘ የታከመ አይመስለውም። ባለ 4 ሚሊ ግራም የሳልቡታሞል ኪኒን የ40 ፓፍ ያህል መድኃኒት ይዟል። መላ ሰውነትን ስለሚዞር እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ልብ ያስመታል። ፓፉ ግን በቀጥታ ሳንባ ስለሚደርስ ትንሹ ይበቃል።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው። ዕቃውን ናጡት። ትንፋሻችሁን አውጡ። አፉን በከንፈራችሁ ግጠሙ። ተጫኑትና በዚያው ቅጽበት በቀስታ፣ በረጅሙ ሳቡ። እስከ 10 ቆጥራችሁ ተንፍሱ። ከቤክሎሜታዞን በኋላ በውሃ ተጉመጥመጡ፤ አለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ነገር ይወጣል።

ሕፃን ልጅ ይህን ሁሉ አይችልም። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬፕ ታውን ከተማ ሐኪሞች የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጥ በስተው ፓፉን ሰኩበት፤ ልጁም ከጠርሙሱ አፍ ተነፈሰ። ተገዝቶ ከሚመጣው ዕቃ እኩል እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ1999 አስታወቁ። ቀዳዳው በፓፉ ልክ ይሁን፤ አየር ካስወጣ ጥቅሙ ይቀንሳል። አሠራሩን ነርሷ ታሳያችሁ።

ሁለቱ ፓፎች እንዳይምታቱባችሁ በአንዱ ላይ «በየቀኑ»፣ በሌላው ላይ «ሲጨንቅ» ተብሎ በአማርኛ ይጻፍላችሁ። አሁን እናንተው ታነቡታላችሁ።

በሽተኛው ንግግሩን መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ሳልቡታሞሉ ካላሻለው፣ ሳይነጋ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አታስተኙት፤ በቃሬዛም ቢሆን ጀርባው ቀና ይበል። በመንገድ ላይ በየ20 ደቂቃው 4 ፓፍ ሳልቡታሞል፣ አንድ በአንድ፣ ስጡት።