መንገደኛ የየትኛውን ሀገር ሰዓት ይከተል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



አንድ አባት በረመዳን ልጃቸውን ጠይቀው ከዋሽንግተን ተመለሱ። ከተራዊሕ በኋላ ቀረብ ብለው «ያ ሸይኽ፣ ጾሜ ተበላሽቶብኝ ይሆን?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወሩ መጋቢት ነበር። ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ጾመኛ ሆነው ተሳፈሩ። የዋሽንግተን ኢፍጣር ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ገደማ መሆኑን ልጃቸው ነግሯቸዋል። የእጅ ሰዓታቸው ገና 10 ሰዓት ሲል ፀሐይ በመስኮቱ ስትጠልቅ አዩ። እርሳቸው ግን ሰዓቱን አምነው ከሦስት ሰዓት በላይ በጨለማ ጾመው ቆዩ። ያው ሰዓት ሌሊት 5 ሲል ደግሞ ምግብ ቀረበ። ውጭው ነግቷል፤ እርሳቸው «ገና ሌሊት ነው» ብለው ሱሑር በሉ።

ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በአየር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ያለ ማረፍ 13 ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ከአዲስ አበባ ሲኬድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለነዳጅ በመንገድ ይታረፋል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፤ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሳት ይከብደዋል። ነፋሱም ከፊት ይገጥመዋል።

ወደ ምሥራቅ የሚበር ሰው ፀሐይ ወደምትወጣበት ይገሰግሳልና ቀኑም ሌሊቱም ያጥርበታል። ወደ ምዕራብ የሚበር ፀሐይን ስለሚከተል ሁለቱም ይረዝሙበታል። የእጅ ሰዓት ይህን አያውቅም።

ጾም የሚጀመረው ጎሕ ሲቀድ፣ የሚፈታው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። መለኪያውም መንገደኛው ያለበት ስፍራ እንጂ የተነሳበት ወይም የሚደርስበት ከተማ አይደለም። እኚያ አባት ፀሐይ እንደጠለቀች ማፍጠርና መግሪብን በወቅቱ መስገድ ይችሉ ነበር።

ተቃራኒውም አለ። ከፍ ብሎ የሚበር ሰው ከበታቹ ያለው ሀገር አፍጥሮ ሳለ ፀሐይን ሊያያት ይችላል። እርሱ ለራሱ እስክትጠልቅ ይጠብቃል። ምድር ላይ ሳለ ጠልቃ ያፈጠረና ከተነሳ በኋላ ዳግም ያያት ሰው ግን የዚያ ቀን ጾሙ ሙሉ ነው።

ለእኚያ አባት «የመጀመሪያው ቀን ጾምዎ ኢንሻአላህ ሙሉ ነው፤ ከነጋ በኋላ የበሉበትን ቀን ግን ቀዷ ያውጡ» አልኳቸው። ፊታቸው ሲጠቁር ጊዜ «አባቴ፣ አይዘኑ፤ ሳያውቁ ስለሆነ ወንጀል የለብዎትም። አላህ በሱረቱል በቀራ መንገደኛ አፍጥሮ በሌላ ቀን እንዲተካ ፈቅዷል። ሳይበሉ ያመሹበትን ድካም ማንም አላዘዘዎትም» አልኳቸው። ያኔ ፈገግ አሉ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ወላጆቻችንን ስንሸኝ ሻንጣቸውን ብቻ አንመዝንላቸው። ይህንንም እናስረዳቸው። በመስኮት በኩል እናስቀምጣቸው። ደካማና ሕመምተኛ ከሆኑ ደግሞ የአላህን ፈቃድ እንዲቀበሉ እንምከራቸው።

አላህ ጾማችንንና ሰላታችንን ይቀበለን፤ መንገደኞቻችንን በሰላም ያግባልን። አላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።