የላም ሒሳብ በአንድ ቀን አይዘጋም
(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ሁለት ላሞቻችን፣ ስለ ቦራና ስለ ዳማ ነው የምንነግራችሁ። ሁለቱንም በየተራችን አብልተናቸዋል፣ አልበናቸዋል።

ዓምና በዚህ ወቅት የፋጉሎና የፉርሽካ ዕዳ ከብዶን አንዷን ለመሸጥ ተሰብስበን እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ያን ሰሞን ቦራ ከወለደች ሁለት ወሯ ነበር፤ በቀን 18 ሊትር ትሰጣለች። ዳማ ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷት ነጥፋለች፤ ስትታለብም ከ13 ሊትር አልፋ አታውቅም። ስለዚህ ሁላችንም «ዳማ ትሸጥ» አልን። አንዲት እናታችን ብቻ «ቆይ እስቲ፣ ዳማ እኮ ሳትዘገይ ነው የምትወልደው» አሉ። ሰው ሳቀ። እኛም የሒሳብ ሰዎች ነን ብለን አብረን ሳቅን።

ማታ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳንና ደብተሩን ገለጥን። ቦራ ባለፈው ወሊዷ 400 ቀን ታልባ 4,200 ሊትር ሰጥታለች። ከዚያ በኋላ 200 ቀን ያለ ወተት እየበላች ቆማለች። ከወሊድ እስከ ወሊድ 600 ቀን ማለት ነው። ዳማ 305 ቀን ታልባ 3,000 ሊትር ሰጥታ፣ 85 ቀን አርፋ፣ በ390 ቀኗ ወልዳለች።

አሁን እናካፍለው። 4,200 ለ600 ሲካፈል በቀን 7 ሊትር ነው። 3,000 ለ390 ሲካፈል በቀን 7.7 ሊትር ነው። ልንሸጣት የነበረችው ላም የምትበልጠው ነበረች! ጥጃውን ስትጨምሩበት ልዩነቱ ይሰፋል፤ በአምስት ዓመት ቦራ ሦስት ስትወልድ ዳማ አራት ትወልዳለች፣ አምስተኛውንም ትቃረባለች።

ሱቅ ያላችሁ ይህ አይጠፋችሁም። የገበያ ቀን ሽያጭ ብቻ አይቶ ሱቁ አተረፈ የሚል የለም፤ ባዶ የዋለበትም ቀን ኪራይ ይቆጥራል። ላምም እንደዚሁ ናት። ወተቷ ከወለደች ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ጣሪያ ይነካል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። ትርፏ የሚታወቀው ከወሊድ እስከ ወሊድ ያለው ቀን በሙሉ ሲቆጠር ነው።

ታዲያ ቦራ ለምን ዘገየች? ላም የምታረግዘው 280 ቀን ያህል ነው። ስለዚህ ቦራ የያዘችው በወለደች በ320 ቀኗ ነው። ከወለደች ከሁለት ወር በኋላ ያለውን ብቻ ብንቆጥር፣ ላም በ21 ቀን አንዴ ኮርማ ስለምትፈልግ፣ 12 ጊዜ ያህል ልትደራ ይገባ ነበር። በደብተራችን የተጻፈው ግን ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ሌላው የት ገባ?

ጥፋቱ የእኛ ነበር። ዳማ ከጊደሮቹ ጋር ተፈትታ ስለምትውል ሌላዋ ስትወጣባት ዝም ብላ ስትቆም ይታያል፤ ዋናው የድራት ምልክት ይህ ነው። ቦራን ግን «ውድ ላም ናት» ብለን ለብቻዋ አስረናት ነበር። ለብቻዋ የታሰረች ላም ይህን ምልክት በምን ታሳይ? ማታና ሌሊትም ማንም አያያትም ነበር።

በማግስቱ ሐሳባችንን ቀየርን። ላም መሸጡን ትተን ወይፈኑን ሸጥን፣ የቀረውን ዕዳ በየወሩ ከፈልን። ቦራን ጠዋትና ማታ ከሌሎቹ ጋር ፈታናት፣ ተረኛ መደብን። ጠዋት የደራችውን ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የደራችውን በማግስቱ ጠዋት እንድትዳቀል ባለሙያውን ጠራን። ቦራ በሁለተኛው ያዘች። በ380 ቀኗም ወለደች። የወተቷ ድምር ወደ 3,700 ሊትር ወርዷል፤ 320 ቀን ታልባ 60 ቀን አርፋለችና። በቀን ሲካፈል ግን ከ7 ወደ 9.7 ሊትር ወጥቷል። ዳማም እንደተባለው በጊዜዋ ወልዳ እየታለበች ነው።

አሁን የምንለምናችሁ ደብተሩ እንዳይቋረጥ ነው። አምስት ነገር ይጻፍ፦ የወለደችበት ቀን፤ የጠዋትና የማታ ወተት፤ የደራችበት ቀን፤ የተዳቀለችበት ቀን ከኮርማው ቁጥር ጋር፤ እርግዝናዋ የተረጋገጠበትና የነጠፈችበት ቀን። ወተቱን በየቀኑ መለካት ያልቻለች በወር አንድ የተወሰነ ቀን ትለካ። ከተዳቀለች በ21 ቀኗ አካባቢ በደንብ ትታይ፤ ከደራች አልያዘችም ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ተዳቅላ እምቢ ካለች ሐኪም ይያት። የከሳች ላም ደግሞ ድራቷ ይጠፋልና መኖዋን እንመርምር። ልትወልድ 60 ቀን ሲቀራት ማለቡን እናቁም፤ ጡቷ ይረፍ።

ቀኑ ከተያዘ ለገበያም ይበጃል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ወተት ፈላጊ እንደሚያጣ እናውቃለን። የምትወልድበትን ወር አስቀድመን ካወቅን ወተቱ የሚበዛው ለፋሲካ እንዲሆን ማዳቀያውን ማመቻቸት እንችላለን።

መጻፍ የማትችሉ እናቶች አትጨነቁ። ለድራት ክብ፣ ለማዳቀል መስቀለኛ ምልክት አድርጉ፤ በየሳምንቱ እየመጣን ወደ መዝገብ እንገለብጠዋለን። ዓምና የሳቅንባቸው እናት ፊደል አልቆጠሩም፤ የዳማን ወሊድ ግን ከበዓል በዓል በአእምሯቸው ይዘውት ነበር። ከእኛ ደብተር በፊት እውነቱ እሳቸው ዘንድ ነበር። በዚህ ጉባኤ ፊት ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን።