በወንዛችን ስለሚገኝ እንግዳ ዓሣ



በአገራችን እንግዳን መቀበል የቈየ ልማድ ነው። መንገደኛ በመሸ ጊዜ ከደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ» ባለ ጊዜ የቤቱ ጌታ እግሩን ያሳጥበዋል፤ ያበላዋል፤ መኝታም ይሰጠዋል። ነገር ግን ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ፥ ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ ሳይጠይቀው አይቀርም። ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት፥ ይህን ጥያቄ ማንም ሳይጠይቀው ወደ ወንዝ ስለሚገባ እንግዳ ነው፤ እርሱም ዓሣ ነው።

በታላላቅ ከተሞች፥ በሆቴልና በባለጠጎች ቤት፥ ውኃ የተሞላ የመስታወት ሣጥን ታያላችሁ። በውስጡም መልካቸው ያማረ ትንንሽ ዓሦች ይመላለሳሉ። ከነዚህ ብዙዎቹ የደቡብ አሜሪካና የእስያ ወንዞች ተወላጆች ናቸው። እነርሱን ማየት ደስ ያሰኛል፤ በዚህም ነቀፋ የለበትም። ክፉው የሚጀምረው ዓሣው አድጎ ሣጥኑ ሲጠበው፥ ወይም ባለቤቱ መቀለቡ ሲሰለቸው ነው። ባለቤቱ መግደሉን ይጨክንበታል፤ ስለዚህ በባልዲ ይዞ ወደ ቅርቡ ወንዝ ይሄድና ይለቀዋል፤ ምሕረትም ያደረገ ይመስለዋል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን በዚያ ወንዝ የሚያጠምድ ሰው መረቡን ስቦ ቢያወጣ፥ እርሱም አባቱም ከቶ አይተውት የማያውቁትን ዓሣ ያገኛል።

ይህ ነገር ተረት እንዳይመስላችሁ በሜክሲኮ አገር የሆነውን ልንገራችሁ። የዓመቱን ቍጥር ሁሉ የምናገረው በፈረንጅ አቈጣጠር ነው። በዚያ አገር ባልሳስ የሚባል ታላቅ ወንዝ አለ፤ በ1960ዎቹ ዓመታት ተገድቦ ኢንፊየርኒዮ የተባለ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሆነ። በዚህም ሐይቅ ከአፍሪካ ተወስዶ የገባ፥ የእኛ የቆሮሶ ዘመድ የሆነ ዓሣ በዝቶ ስለ ነበረ፥ በዙሪያው ያሉ ብዙ ቤተ ሰቦች እርሱን እያጠመዱ ይኖሩ ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት ግን በዚያ ወንዝ ሌላ ዓሣ ታየ። ይህ ዓሣ ፕሌኮ ይባላል፤ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ የአምባዛም የሩቅ ዘመድ ነው። በመስታወቱ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ዝልግልግ በአፉ እየላሰ ስለሚያጠራ፥ የጌጥ ዓሣ የሚያኖሩ ሰዎች ይወዱታል። ሲገዙት የጣት ርዝመት ያህል ነው፤ ካደገ በኋላ ግን ወደ ግማሽ ሜትር ይጠጋል።

የዚህን ዓሣ ጠባይ ልብ አድርጋችሁ ስሙ። ገላው በቅርፊት ፈንታ እንደ ጥሩር በጠነከረ የአጥንት ሰሌዳ ተሸፍኗል፤ በክንፎቹም ላይ ሹል እሾህ አለው። ውኃው ተበላሽቶ አየር ባነሰው ጊዜ ወደ ላይ ብቅ ብሎ አየር ይውጥና በሆዱ ይተነፍሳል፤ ከውኃ ወጥቶም ብዙ ሰዓት ሳይሞት ይቈያል። ወንዱ በወንዙ ዳር ያለውን አፈር ወደ ውስጥ ይምሳል፤ ሴቲቱ እንቍላልዋን በዚያ ትጥላለች፤ ወንዱም እስኪፈለፈል ድረስ ይጠብቃል። በትውልድ አገሩ እርሱን የሚበሉ ታላላቅ ዓሦችና አውሬዎች ስላሉ ቍጥሩ በልክ ይኖራል። በባዕድ ወንዝ ግን ይህ ልጓም የለበትም።

ስለዚህ አሥር ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ የኢንፊየርኒዮ አጥማጆች መረባቸውን ሲስቡ የሚያገኙት ቆሮሶ ሳይሆን አብዛኛው ይኸው እሾሃም ዓሣ ሆነ። መረቡን ይቀድባቸዋል፤ ከመረቡ ለማላቀቅም ብዙ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። ሥጋው የሚበላ ሲሆን ከመልኩ የተነሣ ገዢ አጣ፤ ብዙውም በሐይቁ ዳር ተጥሎ በሰበሰ። ሕዝቡም «የዲያብሎስ ዓሣ» ብሎ ሰየመው። እውነቱን ለመናገር፥ ቆሮሶው ያለ ልክ በመጠመዱ ቀድሞም መቀነስ ጀምሮ ነበር፤ የእንግዳው መምጣት ግን በቍስል ላይ እሾህ ሆነ። ዛሬ በዚያ አገር ያሉ አንዳንድ ሰዎች ይህን ዓሣ እያደረቁና እየፈጩ ጥቅም ሊያገኙበት ይደክማሉ፤ ከወንዙ ጨርሶ ሊያወጣው የቻለ ግን የለም። በፊሊጲንስ ደሴቶችም ይኸው የዓሣ ወገን ላጉና ደ ባይ ወደሚባለው ታላቅ ሐይቅ ገብቶ አጥማጆችን አስመርሯል።

የሚጐዳው መልከ ክፉው ብቻ አይምሰላችሁ። የቻይና ሰዎች ከሺህ ዓመት በፊት ጀምረው ያራቡት ወርቅማ ዓሣ እጅግ ያማረ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ቫስ በሚባል ወንዝ የተለቀቀው ግን ወደ 2 ኪሎ ግራም እስኪጠጋ ድረስ አደገ። የመርዶክ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በጥቂቶቹ ዓሦች ላይ ምልክት አድርገው ቢከታተሏቸው፥ አንዱ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ230 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ሲመላለስ ተገኘ። በወንዝ የተወለዱት ልጆቹም ብዙ ጊዜ ወርቅማውን መልክ ትተው እንደ ጭቃ ይመስላሉ። እንግዲህ እንግዳ ዓሣ ሁልጊዜ በመልኩ አይታወቅም፤ የሚለየው የአገሩን ዓሣ አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ይህ ነገር እኛን የሚነካ መሆኑን እምቦጭ አስተምሮናል። እምቦጭም የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ ስለ አበባው ውበት ሰዎች ከአገር ወደ አገር ወሰዱት። በአገራችን በ1965 በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ በ2011 በጣና ሐይቅ ላይ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የጣና ዙሪያ ገበሬዎች እርሻቸውን ትተው፥ እስከ ደረታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ሁላችን አይተናል ወይም ሰምተናል። መጀመሪያ ግን እርሱም በአንድ ሰው ዓይን ያማረ አበባ ነበረ።

በጣና ያለውን ሀብት ደግሞ አስቡ። አዋቂዎች ላቤዮባርበስ ከሚሉት ወገን በዚያ ሐይቅ የሚኖሩ ከ10 የሚበልጡ ዓይነት ዓሦች በዓለም ሌላ ስፍራ አይገኙም። ብዙዎቹ በክረምት ጉማራን ወደመሰሉ ወንዞች ወጥተው በጠራ ጠጠር ላይ እንቍላላቸውን ይጥላሉ። 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ አጥር ሆኖላቸው ኖሯል። ነገር ግን በባልዲ የሚመጣውን እንግዳ ፏፏቴ አያግደውም። የሚያግደው የሰው ዕውቀት ብቻ ነው።

ምናልባት ከሽማግሎች አንዱ፥ «በወንዝ ዓሣ ቢጨመር ሲሳይ በዛ እንጂ ምን ጐደለ?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ካርፕ የሚባለው ዓሣ ስለ ምግብ ተብሎ በአገራችን ውኃዎች ገብቷል፤ ሰውም ይበላዋል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ነገር በብዙ ምርመራና በመንግሥት ፈቃድ ሊደረግ የሚገባው ነው፤ እንዲያም ሆኖ ጉዳት አያጣውም። ከብት ያልተስማማችሁ እንደ ሆነ ወደ ገበያ ትነዱታላችሁ፤ በወንዝ የበዛን ዓሣ መልሶ ማውጣት ግን በአሸዋ ላይ የፈሰሰ ጤፍ ከመልቀም ይከብዳል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፥ ልጆችን እንዲህ ብላችሁ አስተምሩ፦ የቤት ዓሣ ወደ ወንዝ፥ ወደ ኩሬ ወይም ወደ ሐይቅ አይለቀቅም። ባለቤቱ ማኖር ያቃተው እንደ ሆነ ለሌላ አሳዳሪ ይስጥ፤ ተቀባይ ካጣም ገድሎ ይቅበር። ለአንድ ዓሣ የተደረገ ምሕረት ለሺህ ዓሣና ለብዙ ቤተ ሰብ ጭካኔ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። የሣጥኑም ውኃ ወደ ወንዝ አይደፋ፤ እንቍላልና አረም ከርሱ ጋር ይሄዳልና።

ሁለተኛ፥ በመረብ ወይም በመንጠቆ ያልታወቀ ዓሣ የተያዘ እንደ ሆነ ወደ ውኃው አይመለስ፤ በሕይወቱም ወደ ሌላ ወንዝ አይወሰድ። ወደ ትምህርት ቤት ይምጣ። መምህሩ ርዝመቱን ይለካ፤ መልኩን፥ የአፉን ቅርጽ፥ የእሾሁንና የክንፉን ቍጥር ይጻፍ፤ የተያዘበትን ስፍራና ቀን ይጨምር። ስልክ ያለውም ፎቶግራፍ ያንሣው። ዓሣው በጨው ይነስነስና ይደርቅ፤ ወሬውም ለወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ይድረስ። ነገር ግን ያላወቅነውን ሁሉ ጠላት ነው ብለን በብዛት ለመፍጀት አንቸኵል፤ ምናልባት ከራሳችን ዓሣ መካከል ብርቁ ሊሆን ይችላልና።

ሦስተኛውና የሁሉ መሠረት ይህ ነው። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። አምባዛን ከቆሮሶ የማይለይ ልጅ እንግዳውን ዓሣ ቢያይ እንግዳ መሆኑን በምን ያውቃል? የወንዙም ዓሣ ቢጠፋ መጥፋቱን በምን ይረዳል? ይህን ዕውቀት የያዛችሁ እናንተ ሽማግሎች ናችሁ። የትኛው ዓሣ በየትኛው ወር ወደ ላይ እንደሚወጣ፥ የትኛው በድንጋይ ሥር እንደሚያድር፥ ድሮ በዝቶ የነበረው የትኛው እንደ ጐደለ ታውቃላችሁ። ነገር ግን ብዙው በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ከእናንተ ጋር ወደ መቃብር የወረደ እንደ ሆነ የሚመልሰው የለም።

ስለዚህ መምህራንን የምለምነው፥ በዓመት አንድ ቀን ወንዙን የሚያውቅ አንድ አባት ወደ ትምህርት ቤት እንዲጠሩ ነው። ልጆች በፊቱ ተቀምጠው የየዓሣውን ስም በአንድ ደብተር ይጻፉ፤ መልኩን ይሣሉ፤ የሚገኝበትን ወርና ስፍራ ያስፍሩ። ደብተሩ የአንድ መምህር ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ይሁን፤ መምህር ቢለወጥም በዚያው ይቀመጥ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ደብተር፥ እርሳስና የሽማግሌው በጎ ፈቃድ ነው።

እንዲህ ያደረግን እንደ ሆነ፥ አንድ ቀን አንድ ልጅ ከወንዝ ዓሣ ይዞ መጥቶ «ይህ በደብተራችን የለም፤ ከየት መጣ?» ብሎ ይጠይቃል። የኢንፊየርኒዮ አጥማጆች እንግዳውን ያወቁት መረባቸው በርሱ ከተሞላ በኋላ ነበር፤ እኛ ግን አንዱን ባየን ጊዜ እናውቀዋለን።